የጾመኞች ሠራተኛ

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ባምቢስ ዳር ቆሞ መንገደኛውን ያስተዋለ ሰው «ይህች ከተማ ጻድቃን ብቻ የሚኖሩባት ናት» ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ቦታው ራሱ እንዲህ ያሰኛል። በአንድ ወገን ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ በሌላው ወገን ቅዱስ ዑራኤል፤ ባምቢስ ከሁለቱ መካከል ነው። ቀትር ላይ ነጭ በነጭ የለበሰው ምእመን ወደ ቅዳሴ ይተማል፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከንፈሩ ደርቆ፣ ፊቱ ገርጥቶ ይመለሳል። ጸሐፊዋ ከቢሮ ልብሷ በላይ ነጠላዋን ትደርባለች፤ ሥራ አስኪያጁ መኪናውን አቁሞ ጫማውን ያወልቃል፤ ካፌዎቹ በር ላይ «የጾም አለን» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ሚኒባሱም የመላእክት ሥዕል ለጥፎ፣ መዝሙር ከፍቶ፣ የተሳፋሪውን መልስ ሳይመልስ ያልፋል።

«መልስ ሳይመልስ» ያልኩት ለቀልድ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱው ነው። ጠቤ ከነጠላው ጋር አይደለም፤ ከጾሙም፣ ከመዝሙሩም፣ ከሥዕሉም ጋር አይደለም። እነዚህ አባቶቻችን በደምና በላብ ያቆዩልን የከበሩ ነገሮች ናቸው። ጠቤ እነዚህን የዕዳ መሸፈኛ ካደረግናቸው ከእኛ ጋር ነው። ለሰው የሚገባውን ሳንከፍል ለእግዚአብሔር የምናቀርበው ምልክት ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ ነው እላለሁ። ይህን አባባል የሚቃወም ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝና ከዚያ በኋላ ይፍረድብኝ።

ነገሩን ከሩቅ አልጀምርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ በሚያስገባው መንገድ፣ ውስጥ ለውስጥ በሚገኝ አንድ ግቢ፣ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ግቢው ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደር ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። የሰፈሩ ስም፣ እንደሚታወቀው፣ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት እንዲሠራ ካቋቋመው ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል «ካዛንቺስ» ሆነ። ድርጅቱ ከሄደ ስንት ዘመኑ! መንደሩም ፈረሰ። ስሙ ግን አለ። ስም ከነገሩ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ሰፈሩ ራሱ ምስክር ነው። ክርስቲያን የሚለው ስማችንም እንዲሁ እንዳይሆን እፈራለሁ።

አከራዬ የተመሰከረላቸው ጾመኛ ነበሩ። ሰባቱን አጽዋማት አንድም ሳያጓድሉ ይጾማሉ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። የፍልሰታ ሱባዔ ሲገባ ሌሊት ሰዓታት ይቆማሉ። ስቅለት ዕለት ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ይሰግዳሉ፤ ሕማማቱ ሲነበብ ዕንባቸው ይወርዳል። አንባቢዬ እንዲረዳልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ዕንባው የማስመሰል አልነበረም። ሴትዮዋ የምር ያለቅሳሉ፤ የምር ይጾማሉ። ያላመኑትን አምኛለሁ የሚሉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ። አስመሳይን ማንም ያውቀዋል። የሚያስፈራው ከልቡ እያለቀሰ የሚበድለው ነው።

በዚያ ግቢ አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ የማይበልጥ። ደላላው ያመጣት ዕለት አከራዬ መጀመሪያ ያዩት አንገቷን ነበር። «ማተብ አላት? ትጾማለች?» አሉት። አላት፤ ትጾማለችም። ጥቁር ክር፣ በላብ የነተበ። የአሠሪዋ አንገት ላይ የወርቅ መስቀል ነበር፤ በዚያ ቀን እሱን የመረመረው ሰው አልነበረም። ለነገሩማ ሠራተኛ አሠሪዋን «እርስዎስ ማተብ አለዎት?» ብላ የጠየቀችበት አገር የት ነው?

የጾም ምግብ እንደሚበላው ቀላል አይደለም። ሱፉ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይጠለላል። ተልባው ይፈጫል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስንጉ ሁሉ ለየብቻው ይሠራል። ልጅቱ ከጎሕ ጀምራ ጓዳ ትገባለች፤ እመቤቲቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ትኩስ ፍትፍት መጠበቅ አለበትና። ስለዚህ ቅዳሴ አትሄድም። እሑድም አትሄድም። በወር አንድ ቀን የታቦቱ ዕለት «ደጁን ስሜ ልምጣ» ስትል «ቤቱን ለማን ጥለሽ?» ትባላለች። ስለዚህ እሷም በዚያች ጭስ በተሞላች ጓዳ ቆማ፣ ምጣዱ ሲሰማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የምትጾመው ጾም ግን አይጓደልም። ዘጠኝ ሰዓት አሠሪዋን አብልታ፣ ዕቃውን አጥባ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከምጣዱ ሥር ተቀምጣ ትቀምሳለች። ያን ግቢ ሙሉ ያጾመችው እሷ ነበረች። በጾም የምትታወቀው ግን እሷ አልነበረችም።

አሁን የእኔን ነገር ልናገር። እኔ በዚያን ጊዜ ጾም አልጾምም ነበር። «ሃይማኖት በልብ ነው» የምል፣ ይህንንም እንደ ትልቅ ፍልስፍና የምቆጥር ሰው ነበርኩ። በፋሲካ ዋዜማ ልጅቱ ዶሮውን ስትሠራ ጨው መቅመስ አትችልም፤ ጾመኛ ናትና። አከራዬም አይቀምሱም። ስለዚህ «ያ ተከራይ ይጠራ» ይባላል። እኔ እመጣለሁ፤ ልጅቱ ወጡን በማንኪያ ጠብ አድርጋ መዳፌ ላይ ታኖርልኛለች፤ እቀምሳለሁ፤ «ጨው ትንሽ ይቀረዋል» እላለሁ፤ እሄዳለሁ። የግቢው ጨው ቀማሽ እኔ ነበርኩ። ጨው የሚቀምስ ሰው ደግሞ ወጡ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ማለት አይችልም።

ምክንያቱም አውቅ ነበር። ልጅቱ ደመወዟን ከተቀበለች ዘጠኝ ወር ሆኗት ነበር። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ አጫወተችኝ። አባቷ ታሟል፤ ለፋሲካ ሄዳ ልታየው ፈልጋለች፤ ገንዘቡን ጠይቃለች። የተሰጣትን መልስ በጆሮዬ ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፤ ግድግዳው ስስ ነውና ሰማሁት። «አንቺ እኮ እንደ ልጄ ነሽ። ለልጅ ደመወዝ ይከፈላል እንዴ? እኔው ዘንድ ቢጠራቀምልሽ አይሻልም?» ነበር ያሏት። ልጅቱ «ይሁን እትዬ» ብላ ዝም አለች።

በዚያው ዓመት አከራዬ የቆየ ስለታቸውን ከፈሉ። ከሰፈሩ አብያተ ክርስቲያናት ለአንዱ በወርቅ ዘቦ የተሠራ መጋረጃ አገቡ። በንግሡ ዕለት ስማቸው በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ እልል ተባለ፤ እኔም ሕዝቡ መካከል ቆሜ አጨበጨብኩ። መጋረጃው ያማረ ነበር። የዘጠኝ ወር እንጀራ ጋገራ፣ የዘጠኝ ወር ሱፍ ወቀጣ፣ የአንድ ታማሚ አባት መድኃኒት ተፈትሎ የተሸመነ መጋረጃ ስለሆነ ማማሩ አይገርምም።

ልጅቱ የሄደችው ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው። ዕቃዋ አንድ ፌስታል ነበር። እሱም ከበሩ ላይ ተፈትሾ፣ ልብሷ አንድ በአንድ ተራግፎ፣ «በማተቤ፣ ምንም አልወሰድኩም እትዬ» ብላ ምላ ወጣች። ዘጠኝ ወር የተወሰደባት እሷ፤ ምላ የወጣችውም እሷ! እኔ በር ላይ ጠብቄ የመሳፈሪያ ገንዘብ ሰጠኋት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ያን ቀን ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አከራዬን ግን አንድ ቃል አልተናገርኳቸውም፤ ኪራይ እንዳይጨምሩብኝ ፈርቼ ነው።

እዚህ ላይ «አንዲት ክፉ ሴት አጋጥማህ ሕዝበ ክርስቲያኑን ሁሉ ትወቅሳለህ» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ እንነጋገር። መጀመሪያ ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም ብያለሁ። ሁለተኛ፣ ውድ አንባቢ፣ ይህን ስታነብ በልብህ የአንድ የምታውቀው ቤት ጓዳ አልመጣብህም? ከመጣብህ ክርክራችን አለቀ። ካልመጣብህ ደግሞ ዛሬ ማታ ወደ ጓዳህ ገብተህ ጠይቅ።

ሦስተኛና ዋናው፣ ይህን የምለው እኔ አይደለሁም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የገጠመው ሕዝብ የሚጾም ሕዝብ እንጂ የማይጾም አልነበረም። ጾመን፣ ራሳችንን አዋርደን፣ ለምን አልታየንም ብለው ቢያጉረመርሙ፣ የተሰጣቸው መልስ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ከሌላው ኃጢአት ሁሉ ቀድሞ የተጠራው የሠራተኛ ነገር ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ አፍ አውጥቶ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። ኦሪትም የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲከፈል ታዛለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስንት ፀሐይ ጠለቀች?

ይህ አልበቃ ያለው ዲድስቅልያን ይመልከት። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው የሐዋርያት ትምህርት ነው። እዚያ ላይ ጳጳሱ መባ ከማን መቀበል እንደሌለበት ተዘርዝሯል። ሚዛን ከሚያጭበረብር ነጋዴ፣ ድኻና መበለት ከሚበድል፣ አገልጋዩን ከሚያስጨንቅ ሰው የመጣ መባ ወደ መቅደስ አይገባም። ሥርዓቱ ይህ ነው! እኛ ግን በዚህ ዘመን ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰበካ ጉባዔ እንዳለን እንጃ። የምናውቀው ገንዘቡ ስንት ነው ብሎ በድምፅ ማጉያ የሚያውጀውን ነው። ቄሰ ገበዝ የመቅደሱን ዕቃ እንዲጠብቅ ተሾመ እንጂ ግብዝን ከነዕቃው ተቀብሎ እንዲያስቀምጥ አልተሾመም። በገበዝና በግብዝ መካከል ያለው ልዩነት የፊደል ብቻ መሆን የለበትም።

የመንግሥት ሕግስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረገውን የግል አገልግሎት ቅጥር፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከአዋጁ ውጪ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲዳኝ ነው ያለው። ሕጉ ከደጅ ቆመ ማለት ነው። ሕግ በማይገባበት ጓዳ ውስጥ ሊገባ የሚችለው እንግዲህ ምንድን ነው? ሃይማኖት አይደለምን? እምነት ለመቼ ነው የሚያስፈልገው፣ ፖሊስ ለሌለበት ቦታ ካልሆነ? ምስክር በሌለበት፣ ደረሰኝ በሌለበት፣ እሷና አንተ ብቻ ባላችሁበት በዚያች ጓዳ ነው ክርስትና የሚፈተነው።

ጌታ ስትጸልይ ወደ እልፍኝህ ግባና በርህን ዝጋ ብሎ አስተምሯል። እኛ ቃሉን ጠብቀን እልፍኝ እንገባለን። ከእልፍኙ ቀጥሎ ያለውን ጓዳ ግን አላየነውም። ብዙ ሰዎች «የውስጥ ሃይማኖት» ሲባል በደረት ውስጥ የሚሰማ ሙቀት ወይም በዓይን የሚመጣ ዕንባ ይመስላቸዋል። ዕንባም እኮ ከዓይን ወደ ውጪ የሚወርድ ነው! እኔ ግን የሰው ውስጡ ጓዳው ነው እላለሁ። የምታምነውን ማወቅ ከፈለግህ ልብህን አትጠይቅ፤ ልብ ይዋሻል። ሠራተኛህን ጠይቃት።

ነገሩ ከእኛ አልጀመረም። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ብንሄድ አጼ ዘርዐ ያዕቆብን እናገኛለን። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠ፣ የተማረ፣ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ትልቅ አሻራ የተወ ንጉሥ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሕዝቡ ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ላይ ሰይጣንን የሚክድ ቃል እንዲያኖር አዘዘ። አገሩ በሙሉ ክርስቲያንነቱን በቆዳው ላይ ለበሰ ማለት ነው። ታዲያ ጣዖት ጠፋ? እምነትስ ጸና? ያው ዜና መዋዕል እንደሚነግረን የመጣው ሽብር ነው። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሐሰት ክስ አመጣ፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ «ጣዖት አመለኩ» ተብለው ተገረፉ፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ግንባሩ ሁሉ ተጽፎበት ሳለ ንጉሡ የአንድም ሰው ልብ ማንበብ አልቻለም። ምልክቱ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬው በዛ።

ከዚያ ወዲህም አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባዔ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በአዋጅ ተጠመቁ አሉ። አንዳንዱ ከልቡ ገባ፤ ብዙው ግን ቀን ከቄሱ ጋር እየዋለ ሌሊት በአባቱ እምነት ጸለየ። በእነዚያ ሰዎች አልፈርድም፤ ጎራዴ ነበረባቸው። የምፈርደው ያለ ጎራዴ፣ ያለ አዋጅ፣ በገዛ ፈቃዳችን ቀን ሌላ ማታ ሌላ በሆንነው ላይ ነው።

የቅርቡን ደግሞ እናንሣ። በደርግ ዘመን ማተብ የሚያስንቅ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ በእሑድ ጠዋት ይጠራ ነበር። ማተቡን ከሸሚዙ ሥር ደብቆ የሚሄድ ካድሬ ነበር፤ ልጁን በድብቅ ክርስትና የሚያስነሣ ሹም ነበር። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እጅ ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም ብለው የቀሩ ሰው ነበሩ። የሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ለየቅል ነው። ሁለቱም ግን ምልክቱን ተሸክመው ዋጋውን ከፈሉ።

እንግዲህ ሚዛኑ ይኸው። ምልክት ዋጋ ሲያስከፍል ምስክርነት ነው፤ ዋጋ ሲያስገኝ ሸቀጥ ነው። ዛሬ ማተብ ምን ያስከፍለናል? ምንም። ምን ያስገኝልናል? ብዙ ነገር። ሥራ ያስገኛል፤ ደንበኛ ያመጣል፤ ብድር ያስፈቅዳል፤ ሙሽራ ያስመርጣል። ዱሮ «ባለማተብ» ማለት ቃሉን የሚጠብቅ፣ አደራ የማይበላ ሰው ማለት ነበር። «ማተቡን በጠሰ» ሲባልም ክሩን ቆረጠ ማለት አልነበረም፤ ከዳ ማለት ነበር። ቋንቋችን ብልህ ነው፤ ክሩንና ታማኝነቱን በአንድ ስም ጠርቷቸዋል። ዛሬ ክሩን ይዘን ትርጉሙን የበጠስን እኛ ነን።

ወንጌላውያን ወንድሞቼ «ይህ የኦርቶዶክሶቹ ጉድ ነው» ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ነጠላ ባይኖር ሱፍ ልብስ አለ። መጋረጃ ባይኖር መድረክ አለ። «ጌታ ይባርክህ» ብሎ ተበድሮ፣ ሲጠየቅ «በጸሎት እያሰብኩበት ነው» የሚል ነጋዴ ሞልቷል። በመኪናው ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ብሎ ለጥፎ ሾፌሩን በቀን አሥራ አራት ሰዓት የሚያሠራ አለ። መኪናውንና ሰዓቱን የበረከት ማስረጃ አድርጎ በቴሌቪዥን የሚያሳይ ነቢይ ደግሞ ባሰ፤ እሱማ የፈሪሳዊውን ጸሎት ከነሙሉ ልብሱ ነው ያመጣው። አጥባቂው በጾሙ፣ ዳግም ተወልጃለሁ ባዩ በምስክርነቱ፣ ሁላችንም ከዚያ ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ከቆመው ሰውዬ ጋር ተሰልፈናል። ራቅ ብሎ ደረቱን የሚመታው ቀራጭ ብቻውን ነው።

አንድ ቁጥር ልጨምር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ከመቶው ሰማንያ ሁለት ያህሉ የክርስቶስ ነኝ ባይ ነው ማለት ነው። ታዲያ ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬው ውስጥ ሸክላ፣ ጤፉ ውስጥ ሰጋቱራ የሚጨምረው ማነው? በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ደብቆ እጅ እጅ የሚያየው ማነው? ያ ሁሉ የተሠራው በአሥራ ስምንቱ ነው ሊባል ነው? የቀሩት ሁሉ ኃጢአተኛ ቢሆኑ እንኳ ሒሳቡ አይሞላም!

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልመለስ፤ ያም የእኔ ወገን ነው። ይህን ያነበበ አንዳንድ ዘመናዊ «ይኸው! እኔስ ድሮም ብያለሁ፤ ሃይማኖት በልብ ነው፤ ጾም፣ ስግደት፣ ነጠላ ትርፍ ነገር ነው» ብሎ ቡናውን ፉት ሊል ይችላል። ጎበዝ፣ ቡናውን አስቀምጥ። «በልብ ነው» የሚለው ቃል ከነጠላ ሁሉ የሰፋ ነጠላ ነው። ነጠላ ቢያንስ ራስን ይሸፍናል፤ «በልብ ነው» ሙሉ ሰውየውን ይሸፍናል። እኔ በዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ሃይማኖቴን በልቤ ይዤ ስኖር ልቤ ምን ሠራ? ወጥ ቀመሰ፤ መሳፈሪያ ሰጠ፤ ዝም አለ። አከራዬ ቢያንስ ሆዳቸውን ይቆጣጠሩ ነበር። እኔ ሆዴንም ምላሴንም አልተቆጣጠርኩም፤ የተቆጣጠርኩት ኪራዬን ብቻ ነው። ጾሙን ትቶ ፍትሑንም የተወ ሰው፣ ጾሙን ይዞ ፍትሑን ከተወው በምን ይሻላል? ጌታም ፈሪሳውያንን የወቀሰው ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት በማውጣታቸው አልነበረም፤ ፍርድንና ምሕረትን ትተው በመውጣታቸው ነበር። ያንን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር ነው ያላቸው።

«አትፍረዱ ተብሏልና አትፍረድ» የሚለውን ቃል ደግሞ አውቀዋለሁ። በዚህ አገር በደል በተነሣ ቁጥር ከኪስ የሚወጣ ጥቅስ ነው። የሚገርመው ግን ጥቅሱን የሚያወጡት በዳዮች እንጂ ተበዳዮች አይደሉም። ያች ልጅ ፌስታሏ ሲፈተሽ «አትፍረዱብኝ» አላለችም፤ ማለትስ ማን ይፈቅድላታል? «ቤተ ክርስቲያን የኃጥአን ሆስፒታል ናት» የሚለውም እውነት ነው። ሆስፒታል የገባ በሽተኛ ግን ቁስሉን ያሳያል። ቁስሉን በወርቅ ዘቦ ሸፍኖ «ስሜን በድምፅ ማጉያ ጥሩልኝ» የሚል በሽተኛ አይቼ አላውቅም።

ካዛንቺስ ካነሣን አይቀር፣ በቀድሞው ሰፈር ቡና ቤት የሚሠሩ ሴቶችን በንጋት አይቻቸዋለሁ። ሌሊቱን ሥራ አድረው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ከቅጥሩ ግን አይገቡም። ከውጪ ግንቡን ይሳለማሉ፤ ጥቂት ቆመው ይመለሳሉ። ምንም ስለት በስማቸው አልተጠራም። በዚያው ሰዓት ከፊት ተርታ የሚቆመውን አውቃለሁና፣ መቅደሱ ከየትኛው ወገን እንደነበረ አንዳንድ ጊዜ ይጠፋኛል።

ታዲያ ምን ይሁን? ሰባኪ አይደለሁምና ብዙ አልመክርም። አንድ ቀላል ነገር ብቻ አለኝ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቅበላ አለ። ከተማው በሙሉ ሥጋ ቤት ተሰልፎ ሲቀበል ይውላል። በሚመጣው ቅበላ፣ ሥጋው ከመቆረጡ በፊት፣ እያንዳንዳችን ሒሳባችንን እንዝጋ። የሠራተኛዋን፣ የዘበኛውን፣ የልብስ አጣቢዋን፣ የቀን ሠራተኛውን። የተጠራቀመ ካለ ይከፈል። «እንደ ልጄ ናት» ያልናት ካለች እንደ ልጅ ትማር፣ እንደ ልጅ ትታከም፣ ካልሆነ እንደ ሠራተኛ ይከፈላት። እሑድ ጠዋትም ወጡን ለብቻችን አሙቀን እንብላና እሷም ቅዳሴ ትሂድ። የሰበካ ጉባዔውም ስለት ሲቀበል ከመጠኑ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «የቤትዎ ሠራተኛ ተከፍሏታል?» ይበል። በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ጫማችንን እናወልቃለን። ጥያቄዋም እዚያው ጫማው ዘንድ ብትቀመጥ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

እኔ አሁን ሌላ ሰፈር ነው የምኖረው። ዘንድሮ ጾሜን ጀምሬያለሁ፤ ለመመስገን አይደለም የምናገረው፤ ዘግይቼ መጀመሬን ለማመን ነው። በትንሣኤ ሌሊት ደወሉ ሲደወል፣ ሰው ሁሉ «ክርስቶስ ተነሥቷል» ሲባባል፣ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። መዳፌ ላይ ጠብ የተደረገች የወጥ ጠብታና ከማንኪያው ባሻገር የምታየኝ ልጅ። «ጨው ልኩ ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ልኩ አልነበረም። ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር።